ከትልልቅ ሻጮች ጋር በጎግል ፍለጋ መፎካከር፦ የአንድ የሐዋሳ ፓምፕና ሶላር ሱቅ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ሱቁ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው። የሚሸጠው የውሃ ፓምፕ፣ ሮቶ፣ ቧንቧና መገጣጠሚያ፣ ሶላር ፓነል፣ ባትሪና ኢንቨርተር ነው። ደንበኛው ከከተማው ሌላ ከሻሸመኔ፣ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶና ከዲላ ይመጣል። ድረ ገጹ በዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ) እና በዉኮሜርስ (በእሱ ላይ የሚጨመር የሱቅ መሣሪያ) የተሠራ ነው፤ ጎግል ላይ ግን የሱቁን ስም ራሱን ለጻፈ ሰው ካልሆነ አይታይም። ሌላውን ሁሉ የውጭ አገር የጅምላ ገበያዎች፣ የአዲስ አበባ አስመጪዎችና የማስታወቂያ ድረ ገጾች ይዘውታል።

የሥራው ጊዜ የተመረጠው በገበያው ነው። የፓምፕ ፈላጊ የሚበዛው ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ነው፤ ጎግል አዲስ ገጽ አግኝቶ፣ መዝግቦ፣ ቦታ እስኪሰጠው ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ለጥቅምት የሚፈለግ ገጽ ነሐሴ ላይ መጻፍ አለበት። ጥቅምት ላይ የተጀመረ ሥራ ለበጋው ግማሽ አይደርስም።

ወጪ፦ ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ ስም) በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር፣ አነስተኛ ቪፒኤስ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) በወር ከ5 እስከ 6 ዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እነዚህ በብር ሲሰሉ ከብደዋል፤ የዶላር ካርድ ለሌለው በብር የሚያስከፍል የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ሻጭ መያዝ ይቀላል። ሰርች ኮንሶል (ድረ ገጹ በጎግል ፍለጋ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየው የጎግል መሣሪያ)፣ ፔጅስፒድና ላይትሃውስ (የገጽ ፍጥነት መለኪያዎች)፣ ጎግል ትሬንድስም (የፍለጋ አዝማሚያ ማሳያ) ነጻ ናቸው። ድረ ገጽ የሚፈትሸው ስክሪሚንግ ፍሮግ እስከ 500 አድራሻ በነጻ ይቃኛል፤ ለዚህ መጠን ሱቅ ይበቃል። በወር ከ100 ዶላር በላይ የሚጠይቁት የፍለጋ ቃል መሣሪያዎች አልተገዙም። ለአማርኛ ቃል ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ዜሮ ነው፤ ዜሮው ግን ፈላጊ የለም ማለት ሳይሆን መረጃው የላቸውም ማለት ነው። ትልቁ ወጪ የሰው ጊዜ ነው፦ ዕቃውን ፎቶ ማንሣት፣ መለካት፣ መጻፍ።

ሐምሌ፣ የመጀመሪያ ሳምንት፦ ምርመራ

ሰርች ኮንሶል በዶሜይን ደረጃ ተመዘገበ። ለዚህ ዲኤንኤስ (የዶሜይኑ ቅንብር የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ አንድ የቲኤክስቲ መዝገብ (አጭር የማረጋገጫ ጽሑፍ) ማስገባት ያስፈልጋል። ጥቅሙ፣ ከነደብሊው ደብሊው ደብሊው የሚመጣውንም ያለሱ የሚመጣውንም አንድ ላይ ማሳየቱ ነው። መሣሪያው የሚይዘው የ16 ወር መረጃ ብቻ ስለሆነ በየወሩ ወደ ሺት (የሠንጠረዥ ፋይል) ማውረድ ግድ ነው። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠርና በአሜሪካ ፓስፊክ ሰዓት ናቸው፤ የትናንቱ ቁጥር ከሱቁ መዝገብ ጋር አልገጠመም ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የሚታየው ዎርድፕረስ ላይ የንባብ ቅንብር ውስጥ ያለችው፣ የፍለጋ ሞተሮችን የምትከለክለው ሳጥን ናት። ድረ ገጽ ሲሠራ ትመረጥና ተረስታ ትቀራለች፤ ያኔ የተቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። እዚህ ንጹሕ ነበረች።

ችግሩ የተገኘው ጎግል የትኞቹን ገጾች እንደመዘገበ በሚያሳየው በኢንዴክስ ሪፖርቱ ላይ ነው። አብዛኛው አድራሻ ተጎብኝቷል፣ ግን አልተመዘገበም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ማጣሪያው ነው፦ በዋጋ ደርድር፣ በብራንድ ለይ፣ በኃይል ለይ የሚለው እያንዳንዱ ጥምረት አዲስ አድራሻ ይፈጥራል። ከ150 የማይበልጥ ዕቃ ያለው ሱቅ ለጎግል በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ያለው ይመስላል፤ ገጾቹ ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለተኛው ጽሑፉ ነው፦ የዕቃው መግለጫ ከአምራቹ ካታሎግ እንዳለ የተገለበጠ ነው። ያው ጽሑፍ የጅምላ ገበያዎቹ ላይም አለ። ሁለት ቦታ አንድ ጽሑፍ ካለ ጎግል የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ትልቁን ነው።

የማጣሪያ አድራሻዎቹ በሮቦትስ ፋይል (ጎግል የት እንዳይገባ የሚነግረው ፋይል) ተዘጉ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስህተት አለ፦ አንድን ገጽ በሮቦትስ ዘግቶ እዚያው ገጽ ላይ ደግሞ የኖኢንዴክስ («አትመዝግብ» የሚል) ትእዛዝ ማስቀመጥ። ጎግል ወደ ተዘጋው ገጽ አይገባም፤ ካልገባ ደግሞ ትእዛዙን አያነበውም። ከመዝገቡ ላይ እንዲወጣ የሚፈለግ ገጽ መጀመሪያ ክፍት ሆኖ ኖኢንዴክስ ይደረጋል፤ ከወጣ በኋላ ነው የሚዘጋው።

ሐምሌ አጋማሽ፦ የማይገባበትን መለየት

«ሶላር ፓነል ዋጋ» የሚለው ቃል ተተወ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት የውጭ ጅምላ ገበያዎች፣ አምራቾች፣ የዩቲዩብ ቪዲዮዎችና የማስታወቂያ ድረ ገጾች ናቸው። ከሌሎች ድረ ገጾች የሚመራ ብዙ ሊንክ፣ ረጅም ዕድሜና የታወቀ ስም አላቸው። በአንድ ሱቅ ጉልበት በአንድ በጋ አይነቀነቁም፤ ለዚያ የሚባክነው ጊዜ ሌላ ቦታ ፍሬ ያፈራል።

አንድ የፍለጋ ቃል ይያዝ ወይስ ይተው የሚለው እንዲህ ተለየ። ቃሉን በስልክ፣ በግል መስኮት፣ ቪፒኤን ጠፍቶ ሐዋሳ ላይ ሆኖ መፈለግ። ቪፒኤን ከበራ የሚታየው የሌላ አገር ውጤት ነው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን አሥር ውጤቶች አንድ በአንድ መክፈት። በአማርኛ የሚመልስ አለ? ዋጋው በብር ነው? ዕቃው እዚህ አገር ይገኛል? ጥያቄውን ይመልሳል ወይስ ዕቃ ብቻ ይደረድራል? ከአሥሩ ውጤቶች ለእነዚህ «የለም» የሚሉት ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ቦታው ክፍት ነው። የካርታው ሳጥን፣ ሦስት ሱቆችን ከላይ የሚያሳየው፣ ከወጣ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ እዚያ ሳጥን ውስጥ የውጭ ገበያ አይገባም።

የፍለጋ ቃል የተሰበሰበው በዋናነት ከባንኮኒው ነው። ከስልኩ ጎን አንድ ደብተር ተቀመጠ፤ የሚደውልና የሚመጣ ሰው የጠየቀውን ሻጩ በጠያቂው አነጋገር ይጽፋል። ሻጩ ወደ ቴክኒክ ቃል እንዳያስተካክለው ተነግሮታል፤ ዋጋው ያለው እዚያው ነው። «ሰብመርሲብል» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚባለው «ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ሞተር» ነው። የውሃ ታንከር የሚል አለ፤ ግን ብዙው ማንኛውንም ብራንድ «ሮቶ» ነው የሚለው። የመስኖ ፓምፕን ገበሬው «የውሃ ሞተር» ይለዋል። ገጹ ላይ ያለው ግን «ሴንትሪፉጋል ፓምፕ» ብቻ ነበር። ደብተሩ ላይ ደጋግመው የመጡት ጥያቄዎች ደግሞ የዋጋ ብቻ አልነበሩም፦ «ለጂ ፕላስ 2 ቤት ስንት ፈረስ ይበቃል?»፣ «ውሃ አልስብ አለኝ»፣ «በሶላር ይሠራል?»፣ «ዲላ ትልካላችሁ?»። የጅምላ ገበያ ለእነዚህ መልስ የለውም።

ሐምሌ መጨረሻ፦ ፊደል

የአማርኛ ፍለጋ የራሱ ጣጣ እዚህ ነው። ከተማዋን አንዱ ሐዋሳ፣ ሌላው ሀዋሳ፣ በድሮው ልማድ የሚጽፈው ደግሞ አዋሳ ይላል። ውሃ፣ ውኃ፣ ዉሃ፣ ውሀ ሁሉም ይጻፋሉ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይም እንዲሁ። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር አለው። ጎግል አንዳንዱን ያዛምዳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም፤ በሁለት አጻጻፍ ሲፈለግ የውጤቱ ቅደም ተከተል ሲለያይ በዓይን ይታያል።

መጀመሪያ የተሞከረው ለእያንዳንዱ አጻጻፍ አንድ ገጽ መሥራት ነበር። ቶሎ ተነሣ። ገጾቹ እርስ በርስ ይሻማሉ፤ ጎግል አንዱን ይመርጥና ሌሎቹን ይተዋል። ከዚያም በላይ ለፍለጋ ብቻ የተባዛ ገጽ በጎግል ደንብ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። በምትኩ አንድ ገጽ ሆነ፦ በብዛት የሚፈለገው አጻጻፍ በርዕሱ፣ ሌሎቹ ደግሞ በተፈጥሯዊ ቦታቸው፣ ለምሳሌ ደንበኛ የጻፈው ጥያቄ እንዳለ ሲቀርብ ወይም በፎቶ መግለጫ ላይ። ከገጹ ግርጌ የአጻጻፍ ዝርዝር መደርደር አልተፈቀደም። ያስቀይማል፣ አይጠቅምምም።

የትኛው አጻጻፍ እንደሚበዛ የታወቀው ከሰርች ኮንሶል ነው። የፍለጋ ቃል ማጣሪያው ላይ ሬጀክስ (ብዙ አጻጻፍን በአንድ ቀመር የሚፈልገው) የሚለውን መርጦ እንዲህ ማስገባት ይቻላል፦

(ሐ|ሀ|ኀ|ሃ|አ)ዋሳ

(ው|ዉ)(ሃ|ኃ|ሀ|ኀ)

(ፀ|ጸ)(ሐ|ሀ|ሃ)ይ

ሁሉም አጻጻፎች አንድ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ በእይታ ብዛት መደርደር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሰርች ኮንሶል በጥቂት ሰዎች ብቻ የተፈለገ ቃል ለግላዊነት ሲል ይደብቃል። አማርኛ ላይ ፈላጊው ስለሚበታተን የሚደበቀው ብዙ ነው። የገጹ ጠቅላላ ጠቅታ ከቃላቱ ድምር የሚበልጠው ለዚህ ነው፤ ስለዚህ ከቃል ይልቅ የገጹን ጠቅላላ ማየት ይሻላል። በላቲን ፊደል የሚጽፈው ሰውም ብዙ ነው፤ የከተማዋ ስም በኤች ወይም በኤ ተጀምሮ፣ በአንድ ኤስም በሁለትም ይመጣል። ለእሱ የተለየ ገጽ አልተሠራም። የዕቃው ብራንድና የሞዴል ቁጥር ግን ዕቃው ላይ እንዳለው በላቲን ተጻፈ፤ የሞዴል ቁጥር የሚፈልግ ሰው ለመግዛት የቆረጠ ነው።

የገጽ አድራሻ በአማርኛ ይሁን ወይስ በላቲን? ጎግል በአማርኛ አድራሻ አይቀጣም። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደል የሚያስቀምጥበት ዘዴ) ሦስት ባይት ነው፤ በሊንክ ውስጥ ሲቀየር ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ የአድራሻውን ስም 200 ምልክት ላይ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ 22 ፊደል ገደማ ላይ ያበቃል፣ የረጅም ርዕስ መጨረሻም ይጠፋል። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ደግሞ የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሊንክ ብዙ ሰው አጠራጣሪ ነው ብሎ አይነካውም። አጭር የላቲን አድራሻ ተመረጠ፤ የድሮዎቹ አድራሻዎች በ301 (በቋሚ ማዞሪያ) ወደ አዲሶቹ ተመሩ።

ርዕስን ጎግል የሚቆርጠው በፊደል ብዛት ሳይሆን በስፋት ነው። የግዕዝ ፊደል ሰፊ ስለሆነ ዕቃውና ከተማው መጀመሪያ መምጣት አለባቸው፤ የሱቁ ስም መጨረሻ ላይ ቢቆረጥ ጉዳት የለውም። የኪወርድ ሜታ ታግ (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚቀመጥ የቃላት ዝርዝር) የተሞላባቸው ገጾች ላይ ታጉ ጠፋ። ጎግል እንደማይጠቀምበት ያስታወቀው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ዛሬም ይህንኑ ሞልተው የሚያስከፍሉ አሉ።

ነሐሴ መጀመሪያ፦ የፓምፕ መምረጫው ገጽ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው፤ ይገባዋልም። ዓላማው «ለጂ ፕላስ 2 ቤት ስንት ፈረስ ፓምፕ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ባለሙያ የሚሰጠውን መልስ ከነስሌቱ ማስቀመጥ ነው።

ገጹ ላይ የገባው ስሌት እንዲህ ነው። ከጉድጓዱ የውሃ ወለል እስከ ፓምፑ 5 ሜትር። ቤቱ ሦስት ደረጃ በ3 ሜትር፣ 9 ሜትር። የሮቶው ማቆሚያ 2 ሜትር፣ የሮቶው አናት 1 ሜትር። ድምር 17 ሜትር። ለቧንቧው ግጭትና ለክርኖቹ 20 በመቶ ሲጨመር 20 ሜትር ይሻገራል፤ በ21 ይያዛል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በአንድ ሰዓት ይሙላ ከተባለ በደቂቃ 17 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚፈለገው በ21 ሜትር ከፍታ ላይ በደቂቃ 17 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ነው። ለዚህ ባለ ግማሽ ፈረስ ፓምፖች ውስጥ የሚበቃ አለ፤ ይበቃል አይበቃም የሚባለው ግን የፓምፑ ኩርባ (በየከፍታው ስንት ውሃ እንደሚሰጥ የሚያሳየው የአምራቹ ሥዕል) ታይቶ ነው።

ኩርባው ላይ ብዙ ተጻፈ፤ ገዢው የሚሳሳተው እዚያ ስለሆነ። ካርቶኑ ላይ «ከፍታ 35 ሜትር፣ ፍሰት በደቂቃ 35 ሊትር» ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ አይገኙም። በ35 ሜትር ላይ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው፤ 35 ሊትሩም የሚገኘው ምንም ሳይወጣ በሜዳ ሲፈስ ነው። እውነተኛው ሥራ መሃል ላይ ነው። ለየሞዴሉ በ10፣ በ20 እና በ30 ሜትር ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ከአምራቹ ኩርባ ተነብቦ በሠንጠረዥ ገባ።

ሁለተኛው ክፍል «ውሃ አልስብ አለኝ» ነው። ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ ውሃውን የሚያመጣለት የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ደረጃ ይህ ግፊት ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሣል። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ጣሪያው ከ8.5 ሜትር በታች ነው፣ የቧንቧ ግጭትና የውሃ ሙቀት ሲቀነስ ደግሞ በሥራ ላይ 6 ሜትር ገደማ ይቀራል። የውጭው ካታሎግ 8 ሜትር ይስባል ይላል፤ ያ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ ነው። ውሃው ከ6 ሜትር በታች ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ይሻላል። ከዚያ በላይ ሆኖ ካልሳበ ደግሞ በቅደም ተከተል፦ ፉት ቫልቩ (በመሳቢያው ጫፍ ሆኖ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘው) ይዘጋል ወይ፣ የመሳቢያው መስመር አየር ያስገባል ወይ፣ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ውሃ ተሞልቶለታል ወይ፣ የመሳቢያ ቧንቧው ከፓምፑ አፍ ጠቧል ወይ።

የቤንዚን ፓምፕ ላይም ያው ከፍታ ይሠራል። ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ ወደ 20 በመቶ ይሆናል። ባለ 5.5 ፈረስ የተባለው 4.4 ገደማ ይሰጣል። ይህን አንድም የጅምላ ገበያ ገጽ አይጽፈውም፤ ዕቃውን ለዓለም ሁሉ ስለሚሸጥ ለሐዋሳ ብሎ አያሰላም። ትንሽ ሱቅ ትልቁን የሚቀድመው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፣ ገዢውም ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

ገጹ ውስጥ ወደ እያንዳንዱ ዕቃ ሊንክ አለ፤ ከዕቃዎቹ ገጽም ወደዚህ ይመለሳል። የሊንኩ ጽሑፍ «እዚህ ይጫኑ» ሳይሆን «ለጂ ፕላስ 2 የሚበቃ ፓምፕ» ነው።

ነሐሴ አጋማሽ፦ ፍጥነት

አጭር ሥራ። ከስልክ በቀጥታ የተጫኑ 4 ሜጋባይት ፎቶዎች ወደ ዌብፒ (ክብደቱ ቀላል የሆነ የፎቶ ፋይል ዓይነት) ተቀየሩ፤ ስፋት 1,200 ፒክስል፣ ክብደት ከ100 ኪሎባይት በታች። የአማርኛ ዌብ ፎንቱ ወጣ፤ አንድሮይድ የራሱ የኖቶ ግዕዝ ፎንት አለው፣ ደንበኛው ስልኩ ላይ ላለው ፊደል ዳታ መክፈል የለበትም። ከላይ ያለው ዋና ፎቶ ላይ የነበረው ሌዚ ሎዲንግ (አንባቢው እስኪደርስበት ፎቶውን የሚያቆየው) ተነሣ፤ ለታችኞቹ ፎቶዎች ይጠቅማል፣ ለመጀመሪያው ግን ያዘገያል። የጎግል መለኪያ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ነው። የሰርች ኮንሶል የፍጥነት ሪፖርት «በቂ መረጃ የለም» ካለ የጎብኚው ማነስ ነው፤ በላይትሃውስ መለካት ይቻላል፣ በዋጋው ዝቅ ባለ ስልክና በሞባይል ዳታ መክፈት ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል።

ነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን፦ ካርታው

የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይሉ (ሱቁ በካርታ የሚታይበት መግለጫ) ላይ አራት ነገር ተበላሽቶ ተገኘ።

የድረ ገጹ ሊንክ ወደማይሠራ አድራሻ ይመራል። ጎግል ለፕሮፋይል ባለቤቶች በነጻ ይሰጥ የነበረውን ድረ ገጽ በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ዘግቷል፤ ፕሮፋይሉ ላይ ግን የድሮው አድራሻ እንዳለ ነበር። ብዙ የከተማው ሱቆች ላይ ይኸው ይታያል።

ሰዓቱ። «ከ2 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቷል። ጎግል ይህን ከሌሊቱ ስምንት እስከ ቀትር አድርጎ ያነበዋል፤ ከሰዓት በኋላ የሚፈልግ ሰው «ዝግ ነው» ይባላል። በፈረንጅ ሰዓት ከ8 ጠዋት እስከ 6 ማታ ተደረገ። ለመስቀል፣ ለገናና ለፊቼ ጫምባላላ የተለየ ሰዓት ማስገባት ይቻላል።

ምድቡ «የሃርድዌር መደብር» የሚለው ነበር። ዋና ምድቡ ወደ ውሃ ፓምፕ አቅራቢነት ተቀየረ፣ የሶላር ዕቃ አቅራቢ ሁለተኛ ሆነ። በካርታ ፍለጋ ዋና ምድብ ትልቅ ክብደት አለው።

አራተኛው፣ ለአንድ ሱቅ ሁለት ምልክት። አንዱ በ«አዋሳ» አጻጻፍ ሌላ ሰው የፈጠረው ነው። የደንበኛ አስተያየት ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ባለቤትነቱ ተጠይቆ እንዲዋሃዱ ተደረገ።

ማረጋገጫው በቪዲዮ ነው። ሳይቆረጥ በአንድ የተቀረጸ፣ ከ30 ሰከንድ ያላነሰ መሆን አለበት፦ መንገዱና የአጎራባች ሱቆች ምልክት፣ የራሱ የሱቁ ታፔላ፣ ከዚያ በሩ ሲከፈት ወይም ንግድ ፈቃዱ ሲታይ። ታፔላው ላይ ያለው ስምና ፕሮፋይሉ ላይ ያለው አንድ መሆን አለባቸው። ስሙ ላይ «ምርጥ ፓምፕ ሐዋሳ» የሚል ቃል መቀጠል ፕሮፋይሉን ሊያሳግድ ይችላል።

አስተያየት ለመጠየቅ የተመረጠው ጊዜ ፓምፑ ተገጥሞ ውሃ ሲወጣ ነው፤ ገጣሚው ሊንኩን ይልካል። ቅናሽ ወይም ስጦታ ሰጥቶ ማስጻፍ በጎግል ደንብ ክልክል ነው። ደንበኛው ምን እንደገዛና የት ሰፈር እንደተገጠመ በራሱ ቋንቋ ከጻፈ ከአምስት ኮከብ ብቻ ይበልጣል።

ርቀት የካርታው ገደብ ነው። ጎግል የሚመዝነው አግባብነትን፣ ርቀትንና ታዋቂነትን ነው፤ ዲላ ሆኖ ለሚፈልግ ሰው የሐዋሳ ሱቅ በካርታ አይወጣም። ለየከተማው የተባዛ ገጽ መሥራት ታስቦ ቀረ፤ ያው የፊደሉ ታሪክ ነው። በምትኩ አንድ የመላኪያ ገጽ ተጻፈ፦ የትኛው ዕቃ በሚኒባስ ይሄዳል፣ የትኛው በአይሱዙ፣ ሮቶ ስንት ሊትር ሲሆን ለብቻው መኪና ይፈልጋል፣ ክፍያው በቴሌብር ሲሆን ዕቃው ከመጫኑ በፊት ምን ይረጋገጣል፣ መንገድ ላይ ቢሰበር ማን ይተካል።

መስከረም፦ የማስታወቂያ ድረ ገጾቹ፣ ዋጋና ቀን

የፓምፖቹ ፎቶና መግለጫ በአንድ ትልቅ የማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይም ተለጥፎ ነበር፣ ቃል በቃል። ያ ገጽ ከሱቁ ገጽ በላይ ይወጣል፤ ሱቁ በራሱ ጽሑፍ ተቀድሟል። ማስታወቂያው አልተነሣም፣ ደንበኛ ያመጣልና። ጽሑፉ ግን ወደ ሁለት መስመር አጠረ፤ ስሌቱ፣ ሠንጠረዡና የገጠማው ፎቶ ሱቁ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ቀሩ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ የዕቃ ገጾቹን ደረጃ ለማንሣት ከረዱት ሥራዎች ግን አንዱ ነው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ስትራክቸርድ ዳታ (ጎግል እንዲያነበው በኮድ የተጻፈ መረጃ) ገባ፦ ስም፣ ሞዴል፣ ዋጋ፣ ገንዘቡ በኢቲቢ ኮድ፣ ዕቃው መኖር አለመኖሩ። ምንዛሪው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ዋጋ ቶሎ ያረጃል፤ በኮዱ ውስጥ ያለውና ለሰው የሚታየው ዋጋ ከተለያዩ ጎግል ማሳየቱን ሊተወው ይችላል፣ ደንበኛውም ይቆጣል። ስለዚህ ዋጋው ከአንድ ሺት ይመጣል፤ ሻጩ ሺቱን ሲቀይር ሁለቱም ይቀየራሉ። «ለዋጋ ይደውሉ» የሚለው ተነሣ። የማይታወቅ ዋጋ ካለ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ይጻፋል።

ቀኑ። ገጹ ላይ «ዋጋው የታየው መስከረም 2018» ቢባል ማሽኑ ዓመቱን በፈረንጅ ሊያነበውና ገጹን ያረጀ ሊያደርገው ይችላል። ለአንባቢ የኢትዮጵያው ቀን ይታያል፤ በኮዱ ውስጥ ግን የተሻሻለበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይገባል። በርዕስ ላይ ዓመት አልተጻፈም፤ አንዱ በእኛ ዓመት ይፈልጋል፣ ሌላው በፈረንጅ።

ሊንክ፦ የአስመጪው ድረ ገጽ ላይ የወኪሎች ዝርዝር አለ፣ ሱቁ አልነበረበትም፤ ተጠይቆ ገባ። እንዲህ ያለ አንድ ሊንክ ከተገዛ መቶ ይበልጣል፤ የተገዛው ደግሞ ደንብ መጣስ ነው።

ጥቅምት፦ መለካት

የፓምፕ መምረጫው ገጽ ወደ መጀመሪያው ገጽ ገባ፤ «ውሃ አልስብ አለኝ» ለሚለውና ለመሰሎቹ ቀድሞ ወጣ። «የውሃ ፓምፕ ዋጋ» ብቻ ለሚለው አልገባም፤ የካርታው ሳጥን ውስጥ ግን ሐዋሳ ላሉት ይታያል። ለሶላር ገና ነው። የሶላሩ ገጽ አሁንም ዕቃ ይደረድራል እንጂ ጥያቄ አይመልስም፤ ልዩነቱ ከዚያ እንደሚመጣ ግልጽ ነው።

አማካይ ደረጃ የሚባለው ቁጥር ያሳስታል። አንድ ገጽ ለብዙ አዳዲስ ቃላት ከታች መታየት ሲጀምር አማካዩ ይወርዳል፣ ሥራው ግን እየተሻሻለ ነው። የሚታየው በመጀመሪያው ገጽ የሚወጣባቸው ቃላት ብዛትና የጥሪው ብዛት ነው። ስልኩ ቀድሞ በፎቶ ላይ የተጻፈ ነበር፤ ተጭኖ የማይደወልበት። በ251 የሚጀምር የሚደወልበት ሊንክ ሆነ፤ ሲነካ ይቆጠራል። ከፕሮፋይሉ የሚመጣው ሰው እንዲለይ ሊንኩ ላይ የዩቲኤም ምልክት (ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚነግር ተቀጥላ) ተጨመረ። ባንኮኒ ላይ ያለው ደብተር ደግሞ አንድ ዓምድ ተጨመረለት፦ «የት አገኙን?»። የሚመጣው ሰው «ጎግል» ሲል ካርታው ይሁን ድረ ገጹ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ የቀረ ክፍተት፦ ከገጹ የሚመጣው ጥሪ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ማታ ነው የሚበዛው። ገጹ ላይ የቴሌግራም ቁልፍ ከስልኩ ጎን ገባ፤ የመጀመሪያው መልእክት ተዘጋጅቶ «የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የቤቱ ከፍታ፣ የሮቶው ሊትር» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩ ጠዋት ሲገባ ለመመለስ የሚያስፈልገው ሁሉ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

ለኅዳር የተያዘው የሶላር ፓምፕ ገጽ ነው፦ ለስንት ዋት ፓምፕ ስንት ዋት ፓነል፣ ባትሪ ያስፈልጋል ወይ፣ ጥላ አንዱን ፓነል ሲነካ ምን ይሆናል። የፓነሎቹ ልኬት በሐዋሳ ፀሐይ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ በመልቲሜትር እየተወሰደ ነው፤ የጽሑፉ መነሻ ይህ ሠንጠረዥ ይሆናል።